ያለ ምክንያት የመለስኩት ካርድ

ከኢንተርኔት መደብር ያዘዝኩት፣ የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ በደረሰኝ ዕለት ማታ፣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለው ኮምፒውተር ያፏጭ ጀመር። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጣ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁት። ከዚያም አንድ ረጅም ጽሑፍ ከፍቼ በማውሱ ጎማ ወደ ታች ስወርድ ድምፁ እንደሚቀጥንና እንደሚወፍር፣ ጣቴን ሳነሣ እንደሚጠፋ፣ እንደገና ስወርድ ደግሞ ተከትሎኝ እንደሚመጣ አስተዋልኩ። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው የእኔ ጣት ስለነበር የማፏጨው እኔው ራሴ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ።

የምተዳደረው የተቀዳ ንግግር በማስተካከል ነው። በሁለት ቃላት መካከል ያለችውን የትንፋሽ ክፍተት ሳይቀር ስለምለይ ጆሮዬ ለጥቃቅን ነገር ንቁ ነው፤ ይኸው ንቃት ግን ራሴን እንድጠራጠርም ያደርገኛል። ባለቤቴን ጠርቼ እንድትሰማልኝ ለመንኳት፤ ራሷን ወደ ኮምፒውተሩ ዘንበል አድርጋ ጥቂት ከቆየች በኋላ «ምንም አይሰማኝም» አለችኝ። በማግስቱ የ12 ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ክፍሌ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ምንድን ነው እንደ ትንኝ የሚጮኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። የሰው ጆሮ ዕድሜው በገፋ ቁጥር አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ባለቤቴ አልዋሸችም፣ ልጁም አላጋነነም። አንዱ በግልጽ የሚሰማው፣ ሌላው ጨርሶ የማይሰማው ነገር ነበር ቤቴ የገባው።

ካርዱን ከመለስኩት ወራት አልፈዋል፤ ገንዘቤም እጄ ገብቷል። ሆኖም አመላለሱ ላይ ያለች አንዲት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እርሷ ነው።

«በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው»

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልዬ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በተከፈተው የኮምፒውተሩ ኬዝ ውስጥ እያዘዋወርኩ አዳመጥኩ። ሃርድ ዲስኩ ጋ ስደርስ የማውቀው ዝቅተኛ ጉርምርምታ አለ፤ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ስለሚያደርግ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ጆሮም ቶሎ ይለምደዋል። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ጋ ምንም የለም። ወደ አዲሱ ካርድ ሳስጠጋው ግን ፉጨቱ በቱቦው ውስጥ እንደ መርፌ መጣ። ያን ጊዜ የካርዱ ፋኖች ጭራሽ አይዞሩም ነበር፤ ካርዱ ካልሞቀ በቀር እንዳይነሡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የመደብሩ ማስታወቂያም «ጸጥ ያለ ማቀዝቀዣ» ሲል የተናገረው እውነቱን ነው። የሚያበሳጨውም ይኸው ነበር፤ ፋኖቹ ዝም ባይሉ ኖሮ ፉጨቱን በጩኸታቸው ይሸፍኑልኝ ነበር።

የሚያፏጨው ኮይል ነው። በካርዱ ላይ ለዋናው ቺፕ የሚሄደውን ኃይል የሚያመጣጥኑ ጥቅል ሽቦዎች በመደዳ ተደርድረዋል። በሽቦው የሚያልፈው ጅረት በፈጠነ ፍጥነት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የሚፈጠረው መግነጢሳዊ ኃይል ሽቦውንና እምብርቱን ይስባል፣ ይለቃል፤ መሳብና መልቀቁ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ባለው ክልል ውስጥ ከወደቀ የሰው ጆሮ ይሰማዋል። ሥዕሉ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲታደስ ይጮኻል፤ በሰከንድ የሚወጡትን ሥዕሎች፣ ማለትም የፍሬሙን ቁጥር፣ በሶፍትዌር ሲገድቡት ይለዝባል። ካርዱ በዚህ ምክንያት ሥራውን አያቋርጥም፣ ፍጥነቱም አይቀንስም። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሞዴል ስም ከወጡ ሁለት ካርዶች አንዱ ሊያፏጭ ሌላው ዝም ሊል ይችላል።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ለመደብሩ ኢሜይል ላክሁ። ድምፁን በዝርዝር ገለጽኩ፤ ሲጀምር፣ ሲቆም፣ ምን ሲደረግ እንደሚብስ ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው መልስ የካርዱን ሶፍትዌር እንዳድስ የሚመክር ነበር። አደስኩ፤ አልተለወጠም። ቪዲዮ እንድልክ ጠየቁኝ። ቪዲዮውን በስልኬ ቀርጬ መልሼ ሳደምጠው በምስሉ ውስጥ ፍጹም ጸጥታ ሆነ። የስልክ ማይክሮፎንና ሶፍትዌሩ የሰውን ንግግር አጉልተው ሌላውን ለመቀነስ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሳይቋረጥ የሚሰማን ቀጭን ድምፅ እንደ ረብሻ ቆጥረው ያጠፉታል። የእኔ አቤቱታ ደግሞ ያ ረብሻ ነው። በመጨረሻ ለሥራ በምጠቀምበት ማይክሮፎን ቀዳሁትና ላክሁላቸው፤ በዘጠነኛው ቀን «የድምፁ መጠን በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው፤ የምርት ጉድለት ተደርጎ አይቆጠርም» የሚል መልስ አገኘሁ።

ክልሉ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ መልሼ ጠየቅኩ። ይህን ስጠይቅ የዋህ ነበርኩ። የኮምፒውተርና የመሰል መሣሪያዎች ድምፅ እንዴት እንደሚለካ የሚደነግግ አይኤስኦ 7779 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ማይክሮፎኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ክፍሉ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ጎልተው የሚሰሙ ነጠላ ድምፆች እንዴት እንደሚለዩ ሳይቀር ይናገራል። ሆኖም አንድ መሣሪያ ስንት ዴሲቤል ከጮኸ ለገዢው የማይገባ ነው የሚል መስመር አያሰምርም፤ የደረጃው ሥራ መለኪያ መስጠት እንጂ መፍረድ አይደለም። ደግሞም ዴሲቤል ሁሉንም ደምሮ የሚናገር ቁጥር ነው። ከፋን የሚወጣ ሰፊ የነፋስ ድምፅ በቁጥር ከኮይል ፉጨት ሊበልጥ ይችላል፤ እንቅልፍ የሚነሣው ግን ፉጨቱ ነው። ስለዚህ «መደበኛ ክልል» ሲሉኝ የሚጠቅሱት ሰነድ እንደሌለ ባውቅም፣ እኔም በእጄ የምጠቅሰው አልነበረኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ካርዱን ለአምራቹ ልኬ እንዳስመረምር፣ ምርመራውም ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ነገሩኝ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልትቆጣልኝ ይገባል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አልተቆጣሁም። እንዲያውም ጉዳዬ ወደፊት የተራመደ መስሎኝ ደስ አለኝ።

13ኛው ሌሊት

መደብሩ የሚተዳደረው በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። ይህን ከመግዛቴ በፊትም አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ዓይነት ነበር። የሸማች መብት ማለት ዕቃው ሲበላሽ የሚያገለግል ነገር ይመስለኝ ስለነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ብልሽቱን ለማስረዳት ተፍጨረጨርኩ።

በ13ኛው ሌሊት አምስተኛውን ኢሜይል እየጻፍኩ ነበር። ድምፁን የምገልጽበት ቃል አልቆብኝ «እንደ ትንኝ» የሚለውን የልጁን አባባል ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት፤ «ከሩቅ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ» ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። ካርዱ እኔ ቃል ስፈልግለት ከጠረጴዛው ሥር ያፏጫል። ለኢሜይሉ የትእዛዝ ቁጥሬን ፈልጌ መጀመሪያ የላኩልኝን ማረጋገጫ ስከፍት ከሥሩ የተያያዘ አንድ ሰነድ አየሁ። ከዚያ በፊት ከፍቼው አላውቅም። ከውል የመውጫ ቅጽ ነበር።

ቅጹ ሩብ ገጽ እንኳ አይሞላም። ለማን እንደሚላክ፣ የሚከተለውን ዕቃ ከገዛሁበት ውል መውጣቴን አሳውቃለሁ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የታዘዘበት ወይም የደረሰበት ቀን፣ ስም፣ አድራሻ፣ በወረቀት ከሆነ ፊርማ፣ ቀን፤ በቃ። ዓይኔ ከላይ እስከ ታች «ምክንያት» የሚል መስመር ፈለገ። ከታች ወደ ላይ ተመልሼ ፈለግኩ። የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኅብረቱ የሸማቾች መብት መመሪያ ይህን ቅጽ ናሙና አድርጎ ከጀርባው አያይዞታል፤ መመሪያው ከርቀት የገዛ ሰው ዕቃው እጁ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምንም ምክንያት ሳይሰጥ ከውሉ መውጣት እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ከመጀመሪያውም አላስፈለገውም።

ለአሥራ ሦስት ቀናት ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ ስመልስ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር። መመሪያው መውጣትህን በማያሻማ ቃል አሳውቅ ይላል፤ ማሳወቅህን የማስረዳት ሸክምም በሸማቹ ላይ ነው። የላክኋቸውን አራት ኢሜይሎች አንድ በአንድ እየከፈትኩ አነበብኳቸው። ሁሉም «እባካችሁ እዩልኝ»፣ «ምን ትመክሩኛላችሁ»፣ «ቅር ብሎኛል» ይላሉ፤ ከውሉ ወጥቻለሁ የሚል ግን አንዱም ውስጥ የለም። ካርዱን ዝም ብዬ በፖስታ ብመልሰው እንኳ፣ ማሳወቂያ ከሌለው መመለሱ ብቻ እንደ መውጣት አይቆጠርም። ምርመራው እስኪያልቅ ብጠብቅ ኖሮ ቀኑ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆን ነበር። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች» እንዲሉ፣ ባብራራሁ ቁጥር የሚያጥረው የራሴ ገመድ ነበር።

መደብሩ ሆን ብሎ ጊዜ ሲያባክንብኝ ነበር ብዬ ለመደምደም ማስረጃ የለኝም። መልስ የሚጽፉልኝ ሰዎች ሦስት የተለያዩ ስሞች ነበሯቸው፤ ምናልባት እያንዳንዱ የተጠየቀውን ብቻ መልሶ ይሆናል። እኔ የጠየቅኩት ስለ ድምፅ ነው፤ እነርሱም ስለ ድምፅ መለሱ። ይሁን እንጂ «14 ቀንዎ ሊያልቅ ነው» የሚል አንድ ሰው እንኳ አለመገኘቱ ይገርመኛል። መብቱ መኖሩን ከመጀመሪያው ቢደብቁ ኖሮ ጊዜው በ12 ወር ይራዘምልኝ ነበር፤ ነገር ግን አልደበቁም። ያልተከፈተ አባሪ ውስጥ አስቀምጠውታል።

ኢሜይሉን አጠፋሁት። በምትኩ ቀን የጠቀሰ፣ የትእዛዝ ቁጥር ያለበት፣ «ከዚህ ውል መውጣቴን በዚህ ጽሑፍ አሳውቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና ከእኩለ ሌሊት በፊት ላክሁት። ስለ ፉጨቱ አንድም ቃል የለበትም። ጠዋት ስነሣ የመመለሻ መመሪያውና በሣጥኑ ላይ የሚለጠፈው አድራሻ ኢሜይሌ ውስጥ ገብቶ ነበር። አራት ገጽ የሚሞላ ማብራሪያ ያላንቀሳቀሰውን አንድ መስመር አንቀሳቀሰው።

ሁለቱ በሮች

በኋላ ላይ ረጋ ብዬ ሳስበው ያምታታኝ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ገዢ የሚወጣባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ምክንያት የማይጠየቅበት፣ ግን ቶሎ የሚዘጋ በር ነው። ሌላው የጉድለት በር ነው፤ ይህ ረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በኅብረቱ አገሮች ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር ላለመስማማቱ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይጠየቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለትም ከርክክቡ ጀምሮ እንደነበረ ይገመታል። ተጠያቂው የሸጠልኝ መደብር ነው። አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ዋስትና ተጨማሪ ስጦታ ነው፤ ሻጩን ከኃላፊነቱ አያወጣውም። «ለአምራቹ ላኩት» የሚለው ምክር ስንቱን ሰው እንዳንከራተተ እገምታለሁ።

ነገር ግን ጉድለቱ ከርክክቡ ጀምሮ ነበረ የሚለው የሕጉ ግምት የሚረዳው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ሕጉ ጉድለቱ መቼ ተፈጠረ ለሚለው ጥያቄ ስለ እኔ ይመልስልኛል። ጉድለት ነው ወይ ለሚለው አይመልስልኝም። የማይነሣ ካርድ ሲሆን ሁለተኛው ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም፤ የሚያፏጭ ካርድ ሲሆን ግን ክርክሩ ሁሉ እዚያው ነው። የ2019ኙ የኅብረቱ የሽያጭ መመሪያ የሚጠይቀው ዕቃው እንደ ዓይነቱ በተለምዶ የሚኖረውን፣ ሸማቹም በምክንያታዊነት የሚጠብቀውን ጥራት እንዲይዝ ነው፤ ማስታወቂያው የተናገረውም ይታሰባል። መደብሩ «ካርዱ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ እጄ ላይ አንድ ነገር ነበረኝ። እርሱ ግን «ማቀዝቀዣው ጸጥ ያለ ነው» አለ። አንዲት ቃል!

ሌላም የተዘጋ ቀዳዳ ነበር። ገዢው ዕቃውን ለምን ልዩ ዓላማ እንደሚፈልገው ከመግዛቱ በፊት ለሻጩ ነግሮ፣ ሻጩም ከተቀበለው፣ ዕቃው ለዚያ ዓላማ መስማማት አለበት። ድምፅ ከሚቀዳበት ማይክሮፎን አጠገብ እንደማስቀምጠው ሁለት መስመር ጽፌ ቢሆንና «ይሆናል» የሚል መልስ ቢኖረኝ፣ ፉጨቱ የእኔ የጆሮ ጉዳይ ከመሆን ወጥቶ የውሉ ጉዳይ ይሆን ነበር። በብሪታንያም የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ተመሳሳይ ነገር ይላል። የዚያ ሕግ ደስ የሚለኝ ክፍል ግን የዕቃ ጥራት ሲመዘን ከሚታዩት ነገሮች መካከል «ከጥቃቅን ጉድለቶች ነጻ መሆን» አንዱ ነው ማለቱ ነው፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለመመለስና ሙሉ ገንዘብ ለመቀበልም በመጀመሪያ 30 ቀን ይሰጣል። ጥቃቅን የሚለውን ቃል ሕግ ውስጥ ማየት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው መጽናኛ ነው።

አንባቢዎቼ በተለያየ አገር ስለምትኖሩ፣ የምላችሁ ሁሉ በየአላችሁበት እንደማይሠራ አትርሱ። ለምሳሌ በአሜሪካ ከኢንተርኔት የተገዛን ደኅና ዕቃ ሐሳቤን ለውጫለሁ ብሎ ለመመለስ የሚያስችል አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሚወስነው መደብሩ የለጠፈው የመመለሻ ደንብ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የዋስትና ሕግ ስላላቸው፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በ2018 «ይህ ተለጣፊ ከተነሣ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎችን የሚጠቀሙ ስድስት ኩባንያዎችን በደብዳቤ ገሥጿል። ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ኬዝ የሚከፍት ሰው ይህን ማወቁ አይከፋም።

የውኃ ፍራሽ ወይስ የመኪና ዕቃ

ኢሜይሉን ከላክሁ በኋላ ያደረብኝ ፍርሃት ደግሞ ሌላ ነበር። ካርዱን ከሣጥኑ አውጥቼዋለሁ፣ ማዘርቦርድ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሠርቼበታለሁ። ዕቃውን ባሕርይውንና አሠራሩን ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ የተጠቀመበት ሰው የዋጋ መቀነሱን ሊጠየቅ ይችላል፤ መለኪያውም ሱቅ ውስጥ ቢሆን ምን ያህል ይነካው ነበር የሚል ነው። ግራፊክስ ካርድ ሱቅ ውስጥ ምን ያህል ይነካል?

በጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን የሚመስሉ ሁለት ጉዳዮች ተዳኝተዋል፤ አንዱ ያጽናናል፣ ሌላው ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተፈረደው ጉዳይ፣ የውኃ ፍራሽ ከኢንተርኔት የገዛ ሰው ገጣጥሞ፣ ውኃ ሞልቶ ከሞከረው በኋላ መለሰው፤ ሻጩ ውኃ የገባበት ፍራሽ ከእንግዲህ አይሸጥም ብሎ አብዛኛውን ገንዘብ ቢይዝም፣ ፍርድ ቤቱ ሳይሞሉት መሞከር አይቻልም ብሎ ለገዢው ፈረደ። በ2016 ደግሞ የመኪና ጭስ ማጣሪያ የሆነውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር መኪናው ላይ አስገጥሞ ጥቂት ነድቶ የመለሰ ሰው፣ ማስገጠሙ ከመሞከር ያለፈ ነው ተብሎ ለዋጋ መቀነሱ እንዲከፍል ተወሰነ። ሣጥኑን እያሸግኩ ካርዴ የትኛውን እንደሚመስል ስከራከር አመሸሁ። ይሰካል፣ ስለዚህ የመኪና ዕቃ ነው። ካልተሰካ ድምፁ አይታወቅም፣ ስለዚህ የውኃ ፍራሽ ነው። ለሁለት ሳምንት መሰካቱን ሳስብ ግን ፍራሹ ላይ ተኝቼበትም ነበር።

የሣጥኑ እሽግ መከፈቱ ግን አላሳሰበኝም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 መከላከያ ፕላስቲኩ ስለተላጠ ፍራሽ ሲጠየቅ፣ መላጡ ብቻውን የመመለስ መብትን አያሳጣም ብሎ ፈርዷል። የእኔ ካርድ ላይ ያለውን ስስ ፕላስቲክ ለነገሩ ከመጀመሪያውም አልላጥኩትም፤ ገመዶቹን በመጡበት ማሰሪያ መልሼ አሰርኳቸው፣ ፀረ ስታቲክ ከረጢቱን ዘጋሁ፣ ከሁሉም ጎን ፎቶ አነሣሁ፣ በካርዱ ጀርባ የተለጠፈውን መለያ ቁጥርም አጥርቼ በስልኬ ያዝኩት።

በመጨረሻ ምንም አልቀነሱብኝም። የጎደለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመመለሻው የፖስታ ሒሳብ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰው፣ ሻጩ እኔ እችለዋለሁ ካላለ በቀር፣ የሚመልሰው በራሱ ወጪ ነው፤ በጉድለቱ በር ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ከፋዩ ሻጩ ነበር። ሁለተኛው ዕቃው በፍጥነት እንዲደርሰኝ የከፈልኩት ጭማሪ ነው፤ ሻጩ የሚመልሰው የመደበኛውን ማድረሻ ብቻ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው በደረሰኜ ላይ በቁጥር ተጽፎ አየሁት።

የታጠፈችው ወረቀት

የእኅቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ወደ ጠረጴዛዬ ሥር ጆሮውን አቀና። «ጠፋ!» አለኝ። ካርዱን መመለሴን ነገርኩት። «አመኑህ እንዴ ጋሼ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አልጠየቁኝም» አልኩት።

ልጁ መልሱ አላጠገበውም፤ እኔንም አላጠገበኝም። ሕጉ ምክንያት አለመጠየቁ ውለታ ነው፤ ያለ እርሱ ዛሬም ከአምራቹ ጋር ስጻጻፍ እገኝ ነበር። በአካል ሳያዩ፣ ሳይነኩ፣ ሳይሰሙ ለሚገዛ ዕቃ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ይኖራል ብዬም አላስብም፤ ምክንያት ይጠየቅ ቢባል ከሁሉ በፊት የሚሸነፈው እንደኔ ያለ፣ ማስረጃው በሌላ ሰው ጆሮ የማይሰማ ገዢ ነው። ሆኖም ምክንያቱን ላለመጠየቅ የተሠራ በር ምክንያቱን ይዞት አይወጣም። በመደብሩ መዝገብ ላይ ያ ካርድ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ አይደለም፤ አንድ ሰው ሐሳቡን የለወጠበት ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ ሐሳቤን ለውጬ አላውቅም። ካርዱን ፈልጌው ነበር፤ ዝም ቢልልኝ ኖሮ ዛሬም እዚሁ ይሆን ነበር።

በእነዚያ አሥራ ሦስት ቀናት ያን ያህል የለፋሁት ለገንዘቡ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። የሚሰማኝ ነገር በእርግጥ የሚሰማ ነው የሚል ቃል ከአንድ ሰው ፈልጌ ነበር። ከልጅ በቀር የሰጠኝ የለም፤ ሕጉም ይህን እሰጣለሁ አላለም።

ሣጥኑን ልዘጋ ስል በግማሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ይህ ካርድ ፋኖቹ ሳይዞሩ እንኳ ያፏጫል። ገጽ ወደ ታች ሲወርድና ፍሬሙ ሳይገደብ ሲቀር ይብሳል። በጸጥታ ክፍል ውስጥ፣ ከተቻለ ወጣት ሰው እንዲያዳምጠው ይደረግ።» ወረቀቷን አጥፌ ከከረጢቱ በላይ አኖርኳት፤ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ካርዱን ሳያገኝ እርሷን ነው የሚያገኛት። ገንዘቡ በአሥር ቀን ውስጥ ገባ፤ ከእርሱ ጋር የመጣው ኢሜይል የትእዛዝ ቁጥሩንና የተመለሰውን መጠን ብቻ ይዟል።

ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ካርድ ስፈልግ በዚያው መደብር የዚያው ሞዴል አንድ ፍሬ በቅናሽ ቀርቦ አየሁ። «ሣጥኑ የተከፈተ፤ ተፈትሾ በትክክል እንደሚሠራ የተረጋገጠ» ይላል። የሚያፏጨው የእኔው ይሁን ወይም ሌላ ሰው የመለሰው፣ ከፎቶው ለማወቅ አይቻልም፤ ካርዱ የተነሣው ከፊት ለፊት ነው፣ መለያ ቁጥሩ ያለው ከጀርባው ነው። ሦስት ቀን እየተመላለስኩ አየሁት። በአራተኛው ቀን ተሽጦ ነበር። ቁጥሩን ያነሣሁበት ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።